የታሪክ ተከታታይ ድራማ ለሰው እንዴት ይጠቆማል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት እህቴ ደውላ «አሪፍ የታሪክ ድራማ ጋብዘኝ» አለችኝ። ብዙም ሳላስብ «ሮም»ን ጠራሁላት። ከ2005 እስከ 2007 የታየ፣ 22 ክፍል ያለው፣ ከዩልዮስ ቄሳር እስከ አውግስጦስ ያለውን ሽኩቻ የሚተርክ ሥራ ነው፤ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። እህቴ ቅዳሜ ማታ እማዬን አጠገቧ አስቀምጣ ከፈተችው። የመጀመሪያው ክፍል ሳያልቅ ዘጋችው። እርቃኑንና ደሙን እኔ ለብቻዬ ስላየሁት ልብ ብዬ አልቆጠርኩትም ነበር። እማዬ ምንም አላለችም፤ እህቴ ግን ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ምን ልይ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ ለሰው ድራማ ስጠቁም የምከተለው አካሄድ አለኝ። የታሪክ ድራማ ከሌላው ለየት ይላል። የሰውን አሥር፣ ሃያ፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ ሰዓት ይወስዳል። በዚያ ላይ ተመልካቹ በስክሪን ያየውን ነገ «ነገሩ እንዲህ ነበር» ብሎ ለልጁ ይነግረዋል። ስለዚህ ጠቋሚው የሁለቱንም ኃላፊነት ይሸከማል፤ የጊዜውንም የታሪኩንም።

አካሄዱን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። «ዓ.ም.» ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ከድራማው በፊት ሰውየውን እወቁ

«ምን ልይ?» የሚል ሰው ሲመጣባችሁ የምትወዱትን ለመጥራት አትቸኩሉ። አራት ነገር ጠይቁት። ከማን ጋር ነው የምታየው? ስንት ጊዜ አለህ? የትርጉም ጽሑፍ እያነበብክ ማየት ትችላለህ? በቅርብ ጊዜ ጀምረህ የጨረስከው ድራማ የቱ ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ የኔን የ«ሮም» ስሕተት ይከለክላል። በኛ ቤት ቴሌቪዥን በአብዛኛው ሳሎን ውስጥ ነው ያለው፤ አባት ይገባል፣ ጎረቤት ቡና ትጠጣለች፣ ሕፃን ወለሉ ላይ ይጫወታል። ለብቻው በስልኩ ለሚያይ ወጣት የሚሆነው ለዚህ ሳሎን አይሆንም።

የጊዜው ጥያቄ ደግሞ ሰውየው ለሁለት ማታ የሚሆን ነገር ፈልጎ የሁለት ወር ሥራ እንዳታሸክሙት ነው። እዚህ ላይ ዳታውንም አስቡለት። አንድ ሰዓት በከፍተኛ ጥራት ሲታይ እስከ 3 ጊጋ ባይት ሊበላ ይችላል፤ አዲስ አበባ በሞባይል ዳታ ለሚያይ ሰው አምስት ክፍልና ስልሳ ክፍል በኪስም በኩል ይለያያሉ።

ስለ ቋንቋው አትፈሩ፣ ግን ጠይቁ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን የቱርክንና የሌሎች አገሮችን ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ ብዙ ቤተሰብ ለምዶታል። በአማርኛ መስማት የለመደች እናት እንግሊዝኛ ጽሑፍ እየተከተለች ጃፓንኛ እንድትሰማ ማድረግ ልፋት ነው፤ አጠገቧ ተቀምጦ የሚያስተረጉም ልጅ ካለ ግን ይቻላል። እኔ ራሴ ለእማዬ አስተርጉሜ አይቻለሁ። ክፍሉ አንድ ሰዓት ከሆነ እያቆምን እያስኬድን አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብናል፤ ያንን ቆጥሮ መነሳት ነው።

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይናገራል። ሰው «ታሪክ እወዳለሁ» ሲላችሁ ጦርነት ማለቱ ይሁን የቤተ መንግሥት ሴራ፣ ወይስ የተራ ሰው ኑሮ፣ አታውቁም። ጀምሮ የጨረሰው ድራማ ይነግራችኋል። የፍቅርና የቤተሰብ ቂም ድራማ የጨረሰ ሰው የቤተ መንግሥት ሴራ አይከብደውም። ዜናና ዘጋቢ ፊልም የሚያዘወትር ደግሞ በቅርብ ዘመን የሆነ፣ ሰነድ ያለው ነገር ይሻላል።

2. ራሳችሁ ያልጨረሳችሁትን አትጠቁሙ

ይህ አጭር ነው። መጀመሪያው ግሩም ሆኖ መጨረሻው የተበላሸ ድራማ ብዙ አለ። ሦስት ክፍል አይታችሁ ከሆነ «ሦስት ክፍል ብቻ ነው ያየሁት» በሉ። ሰው ይህን ሲሰማ ቅር አይለውም፤ የቀረውን ጥቆማችሁንም የበለጠ ያምናል።

3. የሚገባበትን በር ፈልጉለት

ታሪክ ወዳድ የሆነ ሰው እንኳ የማያውቀው አገር መሳፍንት ስም ሲደረደርበት ይሰለቻል። መፍትሔው ከሚያውቀው ነገር ተነሥቶ መንገር ነው። ለኛ ሰው ስጠቁም አብዝቼ የምጠቀመው ጥያቄ «በዚያን ጊዜ እኛ ጋ ማን ነበር የነገሠው?» የሚል ነው። መልሱን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ማንበብ ይጠይቃል፤ የጥቆማውን ግማሽ ሥራ የሚሠራው ግን ይኸው ነው።

ለምሳሌ በእንግሊዝኛ ስሙ «ማግኒፊሰንት ሴንቸሪ» የሚባለውን የቱርክ ድራማ እንውሰድ። ከ2011 እስከ 2014 በ139 ክፍል የታየ፣ ስለ ሱልጣን ሱለይማንና ስለ ሚስቱ ሁሬም የሚተርክ ነው። ሱለይማን የገዛው ከ1520 እስከ 1566 ነው። ይህ ዘመን በኛ አገር በአብዛኛው የዐፄ ልብነ ድንግልና የልጃቸው የዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ነው። ግራኝ አሕመድ ከኦቶማን ቱርኮች ጠመንጃና ታጣቂ ያገኘው፣ በ1541 በክሪስቶፎ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋሎች በምጽዋ በኩል የገቡት፣ በ1543 ወይና ደጋ ላይ ግራኝ የወደቀው፣ ይህ ሁሉ ሱለይማን ኢስታንቡል ዙፋን ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው። በ1557 ደግሞ የእሱው ጦር በኦዝደሚር ፓሻ መሪነት ምጽዋን ያዘ። ሁሬም የሞተችው በቀጣዩ ዓመት ነው። ድራማውን «የሐረም ሴቶች ሽኩቻ ነው» ብላችሁ ብትነግሩት ከንፈሩን የሚመጥ ሰው፣ «ምጽዋን ያስያዘው ሱልጣን ቤት ውስጥ ምን ይደረግ እንደነበር ማየት ትፈልጋለህ?» ስትሉት ጆሮውን ይሰጣችኋል። አንድ የታሪክ መምህር ወዳጄ በዚህ መንገድ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ዘልቆታል።

«ሾገን»ም እንዲሁ ነው። የ2024ቱ፣ አሥር ክፍል ያለው ማለቴ ነው፤ በ1980 የተሠራ ሌላም አለ። ነገሩ የሚጀምረው በ1600 ጃፓን ውስጥ ነው። አንድ እንግሊዛዊ መርከበኛ የባሕር ዳርቻ ላይ ይጣላል፤ አገሩን ቀድመው የረገጡት የፖርቱጋል ነጋዴዎችና ኢየሱሳውያን ቄሶች ደግሞ እንዲጠፋ ይፈልጋሉ። የኛ አንባቢ ኢየሱሳውያንን ያውቃቸዋል። ፔድሮ ፓኤዝ ኢትዮጵያ የገባው በ1603 ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ አወጁ፤ አገር በደም ተጨማለቀ፤ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን አስወጡ። ጃፓንም ክርስትናን በ1614 ከልክላ በ1639 ፖርቱጋሎችን አባረረች። ሁለት የማይተዋወቁ አገሮች በአንድ ትውልድ ውስጥ አንድ ዓይነት በር ዘጉ። ይህን የሰማ ሰው «ሾገን»ን ሲከፍት የቄሶቹን ሹክሹክታ እንደ ጎረቤት ወሬ ይከታተለዋል፤ የጃፓን ስሞችም ብዙ አያስቸግሩትም።

አንዳንዴ በሩ ድራማው ያልደረሰበት ቦታ ላይ ነው። «ቪክቶሪያ» የተባለው የእንግሊዝ ተከታታይ ከ2016 እስከ 2019 ሦስት ሲዝን ታይቶ፣ ታሪኩን በ1851 ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ያቆማል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥቲቱ ደብዳቤ የጻፉት በ1862 ነው፤ መቅደላ የወደቀችው በ1868፤ ልዑል ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ የሞተው በ1879። የተቀበረውም ንግሥቲቱ በነበረችበት ዊንድዘር ነው። ይህን ድራማ ለሰው ስጠቁም «ከኛ ጋር የተገናኘችው በኋላ ነው፤ ይህ ግን ያቺ ሴት ወጣት ሳለች ማን እንደነበረች ያሳይሃል» እላለሁ። ዓለማየሁን እያሰበ የሚያይ ሰው የቤተ መንግሥቱን ጌጥና ጭፈራ በሌላ ዓይን ያየዋል።

በሩ የግድ የነገሥታት መሆን የለበትም። በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት የተማረ አጎት ካላችሁ «ቸርኖቢል»ን ጠቁሙት። በ1986 ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ስለደረሰው የኒውክሌር ጣቢያ ፍንዳታ የሚተርክ የ2019 ሥራ ነው፣ አምስት ክፍል ብቻ። የሚያውቀውን የመኖሪያ ሕንፃ፣ ኮሪደር፣ መጋረጃ፣ የሹማምንት ስብሰባ ያገኝበታል። ሩሲያኛውን ገና ካልረሳ ደግሞ በ1973 የተሠራውን የአሥራ ሁለት ክፍል የስለላ ድራማ «አሥራ ሰባቱ የጸደይ ቅጽበቶች» አስታውሱት፤ በናዚ ጀርመን ውስጥ የተደበቀውን የሶቪየት ሰላይ ሽቲርሊትዝን እዚያ የተማሩ ብዙዎች ያውቁታል። እንዲህ ዓይነት ጥቆማ ሰውየውን ወደ ወጣትነቱ ይመልሰዋል፤ አጠገቡ ከተቀመጣችሁ ከድራማው የበለጠ ወሬ ትሰማላችሁ።

አሜሪካ ላደገ የወንድም ወይም የእህት ልጅ ደግሞ «ሩትስ» አለ። የ1977ቱ። ከጋምቢያዋ ጁፉሬ መንደር የተያዘውን ኩንታ ኪንቴንና ዘሩን የሚከተል፣ በጥር ወር ስምንት ማታ በተከታታይ የታየ ድራማ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የመጨረሻውን ክፍል 100 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳየው ይነገራል። እዚያ የሚያድግ የኛ ልጅ በትምህርት ቤት እንደ ማንኛውም ጥቁር ልጅ ነው የሚታየው፤ ቤት ሲገባ ግን የሚሰማው ስለ ዓድዋ ነው። ሁለቱን ታሪክ አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ለብዙ ወላጆች ይከብዳል። ይህ ድራማ ወሬውን ያስጀምራል። ግርፋቱ ከባድ ስለሆነ ከልጁ ጋር አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ግንኙነት ከሌለ አትፍጠሩ። «ዎልፍ ሆል» ስለ ሄንሪ ስምንተኛው እንግሊዝና ስለ ቶማስ ክሮምዌል ነው፤ ወደ ኛ የሚጎትት ገመድ የለውም። እሱን ስጠቁም የምለው ሌላ ነው፤ ከዝቅተኛ ቤት ተነሥቶ ንጉሥ ጆሮ ሥር ስለደረሰ ሰው፣ በሻማ ብርሃን ስለተቀረጸ ጨለማ ክፍል፣ ስለ ዝምታ። ይበቃዋል።

4. የሆነውንና የተፈጠረውን ለዩለት

ብዙ ጠቋሚ የሚዘለው ይህንን ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም የምቆምለት ይህ ነው። ድራማ ድራማ ነው፤ ሦስት ሰው የሠራውን አንድ ሰው ያሠራል፣ በጥቅምት የሆነውን ወደ ሚያዝያ ያመጣል። ይህን ማድረጉ ጥፋት አይደለም። ተመልካቹ ሳያውቅ ሲቀር ግን ውሸት ይወርሳል። ለጥቆማ የሚሆን ማጣራት ለመሥራት የታሪክ ዲግሪ አያስፈልግም። እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ዋና ዋና ሰዎቹን በስም ፈልጉ። በእርግጥ የነበሩ ናቸው? «ቸርኖቢል» ውስጥ ቫለሪ ሌጋሶቭ የነበረ ሳይንቲስት ነው፤ አደጋው ከደረሰ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1988 ራሱን አጠፋ። አጠገቡ የምትታየው ኡላና ኾምዩክ ግን የለችም። ሌጋሶቭን የረዱትን ብዙ ሳይንቲስቶች በአንድ ሰው ለመወከል የተፈጠረች ናት፤ ይህንንም ድራማው ራሱ መጨረሻ ላይ በጽሑፍ ይናገራል።

ቀጥሎ አንድ ትልቅ ትዕይንት መርጣችሁ ቀኑን አመሳክሩ። እዚያው «ቸርኖቢል» ላይ ሄሊኮፕተር ወድቆ ሲከሰከስ እንደ መጀመሪያዎቹ ቀናት ሆኖ ይታያል። አደጋው በእርግጥ ደርሷል፤ የደረሰው ግን ወራት አልፈው በጥቅምት 1986 ነው። ሌጋሶቭ ፍርድ ቤት ቆሞ የሪአክተሩን ፍንዳታ ሲያስረዳ የሚታይበት ያ ድንቅ ትዕይንትም ለድራማ የተደረገ ነው፤ ሰውየው ችሎቱ ላይ አልነበረም። ይህን ለአጎቴ አስቀድሜ ነግሬው ነበር። አየና «ታዲያ ነገሩን በደንብ እንድረዳ አደረገኝ» አለ። ልክ ነው፤ ማወቁ ደስታውን አልቀነሰበትም።

ሦስተኛ፣ ማብቂያ ላይ የሚመጣውን ጽሑፍ በደፈናው አትመኑ። «ባንድ ኦፍ ብራዘርስ» በ2001 የወጣ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአንድ የአሜሪካ ፓራሹተኛ ሻምበል ጦርን የሚከተል አሥር ክፍል ነው፤ አብዛኞቹ ክፍሎች የሚጀምሩት በእርግጥ የተዋጉት ሽማግሎች ራሳቸው ሲናገሩ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚታመን ድራማ ማግኘት ይከብዳል። ሆኖም አልበርት ብላይዝ የተባለው ወታደር ከቁስሉ ሳያገግም በ1948 ሞተ ብሎ ይጽፋል። ብላይዝ አልሞተም ነበር፤ በውትድርናው ቀጥሎ እስከ 1967 ኖሯል። ይህን የምነግራችሁ ድራማውን ለማሳነስ አይደለም፤ እኔ ከማንም በላይ የምጠቁመው እሱን ነው። በጥንቃቄ የተሠራው እንኳ ይሳሳታል ለማለት ነው።

አራተኛ፣ ማን ነው የሚናገረው? ታሪኩ በማን ዓይን ነው የሚታየው? «ሻካ ዙሉ» በ1986 የወጣ አሥር ክፍል ነው፤ ሄንሪ ሴሌ ሻካን ሆኖ ሲራመድ መሬት የሚናወጥ ይመስላል። አፍሪካዊ ንጉሥ እንደዚያ ገኖ በቴሌቪዥን ሲታይ ለብዙዎቻችን አዲስ ነበር። ነገር ግን የተሠራው በአፓርታይድ ዘመን በደቡብ አፍሪካ መንግሥት ቴሌቪዥን ነው፤ ታሪኩም የሚተላለፈው ወደ ሻካ ግቢ በመጡ እንግሊዞች ዓይን ነው። ስጠቁም ሁለቱንም እናገራለሁ። «ሩትስ»ም ላይ እንዲሁ፤ ደራሲው አሌክስ ሄሊ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ አገኘሁ ቢልም የታሪክ ተመራማሪዎች ብዙ ክፍተት አግኝተውበታል፤ እሱ ራሱም ሥራውን የእውነትና የልብ ወለድ ድብልቅ ብሎታል። የአንድ ቤተሰብ ማስረጃ ሳይሆን የሚሊዮኖች ዕጣ ብሎ ማየት ይሻላል።

ያጣራችሁትን በአንድ ወይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ሃያ ስሕተት ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው ድራማውን ገና ሳይታይ ይገድለዋል።

5. ርዝመቱን፣ አካሄዱንና የሚከብደውን ቦታ አስቀድማችሁ ንገሩ

ርዝመት ሲባል የክፍሉን ቁጥር ብቻ አትናገሩ። የቱርክ ድራማ አንዱ ክፍል በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያልፋል፤ 139 ክፍል ማለት ለወራት የሚዘልቅ ነገር ነው። ስለ እንግሊዟ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ የሚተርከው «ዘ ክራውን» ከ2016 እስከ 2023 ስድስት ሲዝን፣ 60 ክፍል ነው።

እንደ «ዘ ክራውን» ያለውን ግን ሁሉንም ማስጀመር አያስፈልግም። እያንዳንዱ ክፍል ማለት ይቻላል በራሱ የቆመ ታሪክ ስላለው አንዱን መርጣችሁ አስቀምሱ። የኔ ምርጫ የሦስተኛው ሲዝን ሦስተኛ ክፍል ነው፤ አበርፋን። በ1966 ዌልስ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ቁልል ተንሸራትቶ ትምህርት ቤት ላይ ወደቀ፤ 144 ሰው ሞተ፣ ከእነሱ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። ንግሥቲቱ እዚያ የሄዱት ከስምንት ቀን በኋላ ነው፤ ክፍሉ የሚጠይቀውም ለምን ዘገዩ የሚለውን ነው። ከዚያ ቀደም ብለው፣ በ1957 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ መጥተው በጃንሆይ ሲስተናገዱ ያዩአቸው አባቶችና እናቶች ዛሬም አሉ፤ ለእነሱ በሩ ይህ ነው። ክፍሉን ለወለደ ሰው ስትጠቁሙ ግን ምን እንደሆነ ሳትነግሩ አታስከፍቱት። ልጅ የቀበረ ሰው ካለ ጨርሶ አትጠቁሙ።

ስለ እርቃን፣ ስለ ደም፣ ስለ ማሠቃየት በግልጽ ቃል ተናገሩ። «ትንሽ ነገር አለው» አይበቃም። «ሾገን» የመጀመሪያው ክፍል ላይ ሰው በፈላ ውኃ ይሞታል፤ አንገት መቅላትና ሆድ መቅደድ አለ። «ቸርኖቢል» ሦስተኛው ክፍል ላይ በጨረር የተቃጠሉት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሆስፒታል ውስጥ ይታያሉ፤ አራተኛው ላይ ውሾች ይገደላሉ። ሰው አስቀድሞ ካወቀ ሕፃናቱን አስተኝቶ ያያል።

አካሄዱንም እንዲሁ። «ዎልፍ ሆል» ዝግ ይላል፤ ሰዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይነጋገራሉ። በ1976 የተሠራው፣ ስለ ጥንታዊት ሮም ቄሳሮች የሚተርከው «አይ፣ ክላውዲየስ» ሙሉ በሙሉ በስቱዲዮ የተቀረጸ ነው፤ ጦርነት በወሬ እንጂ በዓይን አይታይም፤ ትወናው ግን እስካሁን የሚወዳደረው አላገኘሁም። ቲያትር የሚወድ ሰው ይህን ሲሰማ ይጓጓል፤ የማይወድም በሰላም ይተወዋል።

6. አንድ ብቻ ስጡት፣ በአጭሩ ንገሩት

ዝርዝር አትላኩ። ሰባት ስም የተላከለት ሰው አንዱንም አይከፍትም። አንድ ምረጡ፤ «ይህ ካልተመቸህ» ብላችሁ አንድ ተቀያሪ ጨምሩ።

እኔ በቴሌግራም የምልከው መልእክት ይህን ይመስላል፦

«ጋሼ፣ ለሁለት ሳምንት ማታ የሚሆን ነገር አገኘሁልህ። ሾገን ይባላል፣ የ2024ቱን ፈልግ፣ አሥር ክፍል ነው። ጃፓን፣ በ1600። ፔድሮ ፓኤዝ እኛ ጋ ሊገባ ሦስት ዓመት ሲቀረው ጓደኞቹ እዚያ ምን ይሠሩ እንደነበር ታያለህ። አብዛኛው በጃፓንኛ ነው፣ ጽሑፍ ማንበብ አለብህ። የሰዎቹ ስም ተቀይሯል፣ ታሪካቸው ግን ከነበሩ ሰዎች የተወሰደ ነው፤ ቶራናጋ የተባለው ቶኩጋዋ ኢዬያሱ ነው። ደም አለበት፣ እርቃንም አለ፣ ልጆቹ ሲተኙ እየው። የመጀመሪያው ክፍል ስም ይበዛበታል፣ ሁለተኛውን ሳታይ እንዳትተወው።»

ስሙ ከነዓመቱ፣ ርዝመቱ፣ በሩ፣ እውነቱ፣ ማስጠንቀቂያው፣ የት ላይ መታገሥ እንዳለበት፤ ሁሉም አለ፤ አንድ ደቂቃም አይፈጅም። ለእናት ከሆነ ጽሑፉን ትታችሁ ደውሉ ወይም በድምፅ ላኩ።

«ምርጥ»፣ «ልዩ»፣ «ካላየህ አልኖርክም» የሚሉትን ቃላት ተዉአቸው። የጠበቀው ከፍ ባለ ቁጥር ድራማው ያንሰዋል። በምትኩ አንድ የማትረሱትን ትዕይንት ሳትጨርሱ ንገሩት። ለምሳሌ ስለ «ባንድ ኦፍ ብራዘርስ» የምለው፣ በባስቶኝ ጫካ በረዶ ውስጥ አንድ የጦር ሐኪም ፋሻና ሞርፊን ሲለምን ከጉድጓድ ጉድጓድ የሚዞርበት ክፍል እንዳለ ብቻ ነው።

7. ከጠቆማችሁ በኋላ

ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ «ጀመርከው ወይ?» ብላችሁ አንድ ጊዜ ጠይቁ። ካልጀመረ ዝም በሉ። ጀምሮ ካልወደደው «የትኛው ነገር ነው ያልተመቸህ?» በሉት እንጂ አትከራከሩ፤ መልሱ ለሚቀጥለው ጥቆማ ያስፈልጋችኋል።

መጨረሻውን አትናገሩ። የታሪክ ድራማ ላይ ይህ ከሌላው ይከብዳል፤ መጨረሻው መጽሐፍ ላይ ስላለ። ሰውየው መሃል ላይ የአንዱን ስም ጎግል አድርጎ የሞተበትን ዓመት ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ያ ሰው በታየ ቁጥር ሞቱን ይቆጥራል። ስለዚህ «ስማቸውን ድራማው ሲያልቅ ፈልግ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ሲጨርስ ደግሞ ያጣራችሁትን በሙሉ አውጡለት፤ ያኔ ሃያውንም ስሕተት ይሰማችኋል፤ ራሱም ሌላ ሃያ ፈልጎ ያመጣል።

እህቴ ከዓመት በኋላ ተመልሳ ስትጠይቀኝ አራቱንም ጥያቄ ጠየቅኋት። ከእማዬ ጋር፣ ክረምቱን በሙሉ፣ እሷ እያስተረጎመች። የኮሪያውን «ዴ ጃንግ ጉም» ነገርኳት፤ ከ2003 እስከ 2004 የታየ፣ 54 ክፍል። ከቤተ መንግሥት ወጥ ቤት ተነሥታ የንጉሥ ሐኪም ስለሆነች ሴት ነው። የኮሪያ ነገሥታት ዜና መዋዕል በንጉሥ ጁንግጆንግ ዘመን፣ በ1500ዎቹ መጀመሪያ፣ ጃንግ ጉም የምትባል ሴት ሐኪም እንደነበረች በጥቂት ቦታ ያነሣል፤ ወጥ ቤቱ፣ ፍቅሩና ጠላቶቿ ከዚያች ጥቂት መስመር የተፈጠሩ ናቸው። ይህንንም ነገርኳት። እርቃን የለበትም፤ የሚታየው ቅመም፣ ሥር፣ ጨው፣ የእንፋሎት ድስት ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጅቷ ገና ሕፃን ስለሆነች ታሪኩ እስኪነሣ እንዲታገሡ አልኳት።

እማዬ አሥራ አምስተኛው ክፍል አካባቢ ደወለችልኝ። ልጅቷ እንደምትድን ንገረኝ አለች። አልነገርኳትም።